ሳይወለዱ የሚሰጥ መድኃኒት

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ላቦራቶሪ የምርምር አይጦች ተንከባካቢ ነበርኩ። የሰፈሩ ሰው በሥራዬ ሲሳለቅብኝ ያናድደኝ ነበር። ከዚያ ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን የቤቴ ነገር ነበር። ከተጋባን ስድስት ዓመት ቢሞላንም ልጅ አልወለድንም፤ እናቴም ጥፋቱ የሚስቴ ነው ብላ ከደመደመች ቆይታለች። ክረምት ከበጋ እንጦጦ ጠበል ትወስዳታለች።

ጥፋቱ የኔ መሆኑን የነገረኝ ውጭ አገር ተምሮ የመጣው ዶክተራችን ነው። ዘሬን በማይክሮስኮፕ አየና ልጅ የሚሆን ነገር እንደሌለበት ነገረኝ፤ በወረቀትም ጻፈልኝ። ከአንጎል ተነስቶ የወንድን ፍሬ የሚያሠራው ሆርሞን ሳያንሰኝ እንዳልቀረ ጠረጠረ። ውጭ አገር መርፌ አለው ይባላል። ያኔ መርፌው ይቅርና የመውጫ ቪዛውስ ከየት ይመጣል?

አንድ ቀን ዶክተሩ የሁለት ወንድ አይጦች ፎቶ ያለበት መጽሔት ይዞ መጣ።

"ይሄኛው ሲፈጠር ሆርሞኑ የለውም፤ ፍሬውም አላደገም" አለኝ። "ያኛው የዚሁ ዘር ነው። ግን የጎደለውን ጂን፣ ሆርሞኑን የሚያሠራውን የዘር ቅንጣት፣ አስገቡለት፤ ይኸውና ወለደ!"

እኔ የማጸዳላቸው ዓይነት ተራ አይጥ ነው። ቀናሁበት፤ አይጥ ላይ ቀናሁ።

"ለሰውስ፣ ዶክተር?"

"ጂኑን የሚያስገቡት ገና ሲፀነስ፣ እንቁላሉ ላይ ነው። ከተወለዱ በኋላ አይሆንም።"

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ እሑድ፣ እናቴና ሚስቴ ከጠበል ተመለሱ። ሐምሌ ነው፤ ሚስቴ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ገባች። አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ ችግሩ የኔ ነው። ተመርምሬያለሁ። እሷ ምንም የለባትም።"

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። አመነችኝ ብዬ እፎይ ልል ስል ወደ ሚስቴ ዞረች።

"አየሽ? ነውርሽን በራሱ ላይ ሲሸከምልሽ! ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አንዲት ልጅ ትነፍጊዋለሽ?"

በእመቤቴ ብዬ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር እናቴ እያለቀሰች ትመርቀኛለች፤ ሚስቴም አንገቷን ይበልጥ ትደፋለች። ደግነቴ ነው የተባለው ነገር እሷን እየቀበራት እንደሆነ እያየሁ ማስቆም አቃተኝ።

እናቴ ስትሄድ የዶክተሩን ወረቀት አውጥቼ ለሚስቴ ሰጠኋት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እሷ አታነበውም። ማኅተሙን በጣቷ ዳበሰች።

"ለኔ ብለህ ወረቀትም አስጻፍክ?" አለችኝና ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።