የመንገደኛዋ ሸክም

ገና ሳይነጋ የአሮጌ አውቶቡስ ሞተር ሲያስነጥስ፣ ሲያጉረመርም፣ በኋላም ተረጋግቶ ሲያንጎራጉር መስማት የልጅነቷ እሹሩሩ ነበር። አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩና መኪናውን ደጃፍ አሳድረው፣ በደንብ ሳያሞቁት አይነሡም ነበር። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ የእርሷም ልብ አብሮ ይሄዳል።

አድጋ ፕሮግራም መጻፍ ብትማርም የመንገድ ፍቅሯ አልለቀቃትም። በየከተማው ያሉ መድኃኒት ቤቶች ዕቃቸውን የሚቆጣጠሩበትን ፕሮግራም እየዞረች የምታስተካክል ባለሙያ ሆነች። የሥራዋን እኩሌታ አውቶቡስ ውስጥ፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር የምትሠራው።

ዘንድሮ ግን ትከሻዋ ከዳት። ሐኪሙም፣ «ከሦስት ኪሎ በላይ እንዳትሸከሚ። እምቢ ካልሽ መንገዱን ራሱን ትተዪዋለሽ» አላት። አለቃዋ አዝኖላት ቢሮ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ ወንበር አዘጋጀላት። ወንበሩስ መልካም ነበር፤ እርሷ ግን ባየችው ቁጥር መንገዱ ይናፍቃታል።

ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጠው ታላቅ ወንድሟ ይህን ሲሰማ አንድ ታብሌት ከነቁልፍ ሰሌዳው ይዞላት መጣ።

«እንቺ፣ ቀንድ አውጣ!» አላት። ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች ሲል ያወጣላት ስም ነው። «እንደ ደብተር የሚቀል ነገር አመጣሁልሽ። ካልሆነሽ መልሺው።»

ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ቁጭ ብላ ሠራችበት። ታብሌቱ ኮዱን የሚያስኬደው በኢንተርኔት፣ ሩቅ ባለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰላት፤ ልቧም ቀለላት።

የመሄጃዋ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አባቷ፣ «የኔ እናት፣ መኪና ሳይፈተሽ ጉዞ አይወጣም። እስቲ እዚሁ ተጓዢ» አሏት።

የቤቱ ደንብ ነውና አልሳቀችም። ጠባቡን የወጥ ቤት በርጩማ አምጥታ ጉልበቷን ገጥማ ተቀመጠች፤ ታብሌቱንም ጭኗ ላይ አደረገች።

«አሁን ከተማውን ለቀቅን፤ ዳገቱን ይዘናል» አሉና አባቷ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀሉት።

ታብሌቱ ደረቀ። ኮዱ ይታያል እንጂ ንቅንቅ አይልም። የቁልፍ ሰሌዳውም ከጭኗ ላይ ይንሸራተት ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄማ ኔትወርክ ከሌለ መስተዋት ነው!» አለች አጠገባቸው ወደ ቆመው ወንድሟ ዞራ።

«ታዲያ ምን ላድርግሽ? በየዳገቱ የኔትወርክ ምሰሶ ልትከልልሽ?» አላት ወንድሟ።

ቀልዱ አልገባትም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ላፕቶፑ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ግን እርሱን ብትሸከም ትከሻዋ ይሄዳል፣ ከትከሻዋ ጋርም መንገዱ።

ወንድሟ እንባዋን ሲያይ ደነገጠ። የጉዞ ቦርሳዋን ከፍቶ ላፕቶፑን አወጣና በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ቆይ፣ ይሄ'ኮ ያን ያህል አይከብድም።» ቀጥሎ ቦርሳውን ሊያነሣ ሲል ክንዱ ወደ ታች ተጎተተ። «ኧረ በሕግ! ላፕቶፑ ወጥቶም ድንጋይ ነው!»

«የታችኛው ኪስ የአባባ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሥራ የጀመርኩ ለት እንዳትነኪው ብለውኛል፤ ነክቼው አላውቅም።»

ወንድሟ ዚፑን ከፈተው። ፒንሳ ወጣ። መፍቻ ወጣ፤ ታላቅና ታናሽ። የብረት ባትሪ፣ ጓጉንቸር፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ካቻቪቴ። ምንጣፉ ጋራዥ መሰለ።

«ክሪኩስ? ጎማ ቢተነፍስባት ምን ሊውጣት ነው?» አለ ወንድሟ።

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው» አሉ አባት፣ ድምፃቸው አንሶ። «መንገድ አይታመንም። በየጉዞው አንዳንድ ስጨምር . . .»

«አባባ፣ እኔ'ኮ ተሳፋሪ ነኝ!» ብላ ሳታስበው ሳቀች። ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ወደ ቦርሳው መልሳ የወጥ ቤቱ ሚዛን ላይ ሰቀለችው። መርፌው ሦስት ኪሎ ሳይደርስ ቆመ። አላመነችም፤ አውርዳ እንደገና ሰቀለችው። እዚያው ላይ ነው። ቦርሳውን አዝላ ሳሎኑን ዞረች፣ እንደገና ዞረች። ትከሻዋ ዝም አለ። ስንት ቀን አፍና የያዘችውን ትንፋሽ በረዥሙ ለቀቀችው።

«በል ጋሼ፣ ታብሌትህን ውሰድልኝ። እኔ ነገ መንገደኛ ነኝ።»

አባቷ ብረታብረቱን ለቃቅመው ታቀፉት። ካቻቪቴዋን ብቻ ወደ ኪሱ ሊመልሷት ቃጣቸው፤ የልጃቸውን ፊት አዩና ተዉት። ከዚያም በሩን በክርናቸው ገፍተው ወጡ።