አምባሳደሩና የሚቆራረጠው ዋይፋይ

ባሌን ሰፈርተኛው «አምባሳደሩ» ይለዋል። ከቤት ሳይወጣ ቀኑን ሙሉ ከውጭ አገር ሐኪሞች ጋር ሲያወራ ስለሚውል ነው። ሥራው አስተርጓሚነት ነው፤ ሐኪሙና ታማሚዋ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፣ እሱ መሃል ሆኖ የአንዱን ቃል ለሌላው ያቀብላል። ከላይ ሸሚዝና ክራባት፣ ከታች የእኔ እህት የሰጠችው ፒጃማ። ይህን ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው ይህን ሥራ ያገኘው። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሌላ ማን ይቀጥረዋል? ደግሞ ይወደዋል። ክፉ ዜና ያስተረጎመ ቀን ምሳ አይበላም፤ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ይቆያል። እኔም አልጠይቀውም።

ከሁለት ወር ወዲህ ግን ኔትወርኩ ያብድ ጀመር። አንድ ጊዜ ደህና ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ድርግም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጇን የምርመራ ውጤት ልትሰማ ተቀምጣለች። ሐኪሙ «ውጤቱ የሚያሳየው...» እንዳለ ስክሪኑ ደረቀ። ባሌ ተሯሩጦ ሲመለስ ጥሪው ለሌላ አስተርጓሚ ተሰጥቷል። ያቺ ሴት ምን እንደተባለች እስከ ዛሬ አያውቅም። የአስተርጓሚዎቹ አስተባባሪም ደውላ፣ «እናዝናለን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከተደገመ ስምዎን ከዝርዝር እናወጣለን» አለችው። ካዘኑ ለምን ያወጡታል?

ከዚያ በኋላ ቤቱን ቁም ስቅሉን አሳየው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ ጠረጴዛውን ይጎትታል፣ ጎረቤቱ መስመር ሰረቀኝ ይላል፣ ዝናቡን ይረግማል። እኔ ሰለቸኝና የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራሁ።

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሩን ሳጥን ጀርባ አየና ሳቀ። ዋይፋይ የምትቀበለው ጣት የምታህል ዕቃ በቆርቆሮው ሳጥንና በግድግዳው መሃል ተጨፍልቃለች።

«ወንድሜ፣ ይቺን ምስኪን አፍነሃት እንዴት ትስማህ?» አለው። በአጭር ገመድ አስረዝሞ ጠረጴዛው ላይ አወጣት። አንድ የነበረው የኔትወርክ ምልክት አራት ሆነ። «ከነጭራሹ እንዳይቆራረጥ ከፈለግህ ግን ከዋይፋዩ ሳጥን ድረስ ገመድ ዘርጋ» ብሎም መከረ።

ይህ አይሆንም። ሳጥኑ ያለው የስልኩ መስመር በሚገባበት በአማቴ፣ በባሌ እናት ክፍል ነው። እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት፤ ኮሪደሩ ላይ ገመድ ማለት የእሳቸው መውደቂያ ማለት ነው። ባሌ ግን በአራቱ ምልክት ብቻ ሰውየውን ተሸክሞ ሊሸኘው ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ገባ፣ ታማሚውም ገባ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ አራቱም ምልክት ጠፋ።

ባሌ የሰው ፊት አልነበረውም። ሳጥኑን አጥፍቶ ሊያበራው እየሮጠ የእናቱን በር ሳያንኳኳ በረገደው፤ እኔም ተከተልኩት። ሳጥኑ አይታይም። በላዩ ላይ ትልቁ የአሉሚኒየም ድስቴ ተደፍቷል። አማቴ አልጋው አጠገብ ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው እጅጌ ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ አልገባም።

«እማዬ! ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ውጣ! እየለበስኩ እኮ ነው!» አሉ፣ ቀሚሳቸውን ደረታቸው ላይ ጨብጠው።

«ድስቱን ለምን ደፋሽበት?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዳያዩኝ ነዋ። ሰዎቹን እቤታችን የሚያመጣቸው ይሄ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህ? ልብስ ስቀይር መጀመሪያ ሻሽ ነበር የማደርግበት። ሻሽ ያሳያል።»

እውነታቸውን ነው። ይህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት እንደዚያ ብሎ የመለሰላቸው እኔ ባለሁበት ነው። ነገሩን ማሳጠሩ ነበር። አእምሯቸው እየከዳቸው መሆኑን እያወቅን ሁለታችንም ስቀን አለፍነው።

ባሌ ድስቱን አነሳው። የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል የባሌ ስልክ ጮኸ፤ አስተባባሪዋ ናት። «ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠብቀው። እየገቡ ነው?»

አማቴ መብራቱን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተንሰቀሰቁ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። «እማማ፣ ልርዳዎት» ብዬ ብጠጋ እጄን መቱኝ። ለባሌ በዓይኔ «ሂድ!» አልኩት። ያልቅሱ፣ አምስት ደቂቃ ቢያለቅሱ አይሞቱ፣ ጉሮሯችን ሊዘጋ ነው፤ ያሰብኩት ይህንን ነው። ስጽፈው ያሳፍረኛል።

እሱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ድስቱን ቀስ አድርጎ ሳጥኑ ላይ መልሶ ደፋው።

«ልበሺ፣ እማዬ። ማንም አያይሽም» አለና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

ቀሚሱ ሰባት ቁልፍ አለው። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ሰው እንዲነካቸው ደግሞ አይፈልጉም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደገና ጮኸ። እሱ ንቅንቅ አላለም።

ስልኩ መጮኹን ሲያቆም አማቴ ገና ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ነበሩ።