መኪናዬን «ቃጭሌ» ያሏት ሰውዬ

ትናንት ከቸርች መልስ ቤታችን ምሳ ላይ... ጋሽ ግርማ እንደልማዳቸው መኪናዬን ያማሉ፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ኪችን ቆሜ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ዛሬ ጉድዎ ፈላ አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ግርማ የባሌ አጎት ናቸው። እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ነው የምሠራው፣ እሳቸው እዛው አጠገብ ፓርኪንግ ይሠራሉ። ሁለታችንም ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምንኖር ጠዋት ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ማታ ይዣቸው እመለሳለሁ። አንድ ቀን «እግዜር ይስጥሽ» ብለውኝ አያውቁም።

ኤሌክትሪክ መኪናዬን ኦቨርታይም ስሠራ ወገቤ ተቆርጦ ነው የገዛኋት። የቤንዚን ሞተር የላት፣ ጩኸት የላት... ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ላይ የራሳችሁ ትንፋሽ ይሰማችኋል። መዘዙም እሱ ነው! ሌላ መኪና ውስጥ ሞተሩ የሚውጠው ኮሽታ ሁሉ እሷ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ከገዛኋት ትንሽ ቆይቶ፣ ከሥራ ስንመለስ ጀመረ። ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል። ጉድጓድ ስንነካማ አይጣል ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ግርማ።

«እኔንጃ ጋሼ።»

«አዲስ መኪና ብለሽ ነው ይቺን? ይቺማ ቃጭል ያንጠለጠለች በቅሎ ናት! ቃጭሌ በያት!»

አለቀ። በሳምንቱ ስሟ ቃጭሌ ሆነ። ቸርች ሳቆም «ቃጭሌ መጣች» ይባላል። በርክ ከተማ ያለችው ዘመዳችን ሳትቀር ኮል አድርጋ «ቃጭሌ እንዴት አደረች?» ትለኛለች። ጥርሴን ነክሼ እስቃለሁ።

ያላደረግኩት የለም። ሳንቲሙን፣ መነጽሩን፣ የልጄን ክሬዮን ሁሉ ለቅሜ አወጣሁ። ወንበሩ ሥር ፎጣ ወሸቅኩ፣ በሩ ላይ ስፖንጅ ለጠፍኩ። የገዛሁበት ዲለር ወሰድኳት። ቴክኒሻኑ አብሮኝ ዞሮ ዞሮ «ምንም ኖይዝ የለም» ብሎ እንደ እብድ አየኝ። እውነቱን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ድምጿ አይሰማም። ማታ ብቻ! ጋኔን አለባት እንዴ ብዬ እጄን ዳሽቦርዱ ላይ ጭኜ ጸልዬባታለሁ... አትሳቁ።

ባለፈው ሳምንት ባሌ «በቃ እንሽጣት» አለኝ። «አጎቴ ገዢ አግኝተዋል።»

ገዢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጋሽ ግርማ የሚስታቸው ወንድም! ደሜ ፈላ። ስሟን አጥፍተው ለራሳቸው ሰው! ላቤን ያፈሰስኩባትን መኪና!

ዓርብ ማታ እሳቸውን በራቸው ላይ አወረድኩና ወደ ቤቴ ታጠፍኩ። ቤታችን ቅርብ ለቅርብ ነው። ስወርድ ሳይ ቦርሳቸውን ወንበሩ ሥር ረስተውታል። አንጠልጥዬው ደረጃ መውጣት ጀመርኩ...

ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል...

ቆምኩ። ቆመ። አንድ ደረጃ ወጣሁ... ቅጭል። በኢየሱስ ስም! መኪናዬ ተከትላኝ ደረጃ ወጣች እንዴ?

ቦርሳውን ከፈትኩት። የብረት ምሳ ዕቃ ነው። ውስጡ አንዲት ማንኪያ። ጠዋት ፍርፍር ጢም ብሎ ስለሚሞላበት ማንኪያዋ ተቀብራ ዝም ትላለች። ማታ ግን ዕቃው ባዶ ነው፣ እንደልቧ ትጨፍራለች።

ልደውልላቸው ስልኬን አነሳሁ... ተውኩት። መኪናዬን ያዋረዷት በሰው ፊት ነው፣ እኔም በሰው ፊት ነው የምመልሰው። ዕቃውን አጠብኩት። እናቴ «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» ስትል ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን ማንኪያዋን ብቻ መልሼ ከትቼ ዘጋሁት። እማዬ ይቅር ትበለኝ።

እና ትናንት... ጋሽ ግርማ መሪ የያዙ መስለው በአፋቸው «ቅጭል ቅጭል» እያሉ ያስቃሉ። ባሌ «ነገ እንሸጣታለን፣ ግልግል ነው» አለ። ይሄኔ ከኪችን ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ዓርብ ዕቃዎን መኪና ውስጥ ረስተው ነበር።»

እሳቸው ጠረጴዛው ወዲያ ጫፍ ላይ ናቸው። ሄጄ መስጠት እችል ነበር። ሆን ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው አቀበልኩት። እጅ በእጅ ሄደ። ቅጭል... ሳቁ ቀነሰ። ቅጭል... ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባሌ እጅ ሲደርስ ነቀነቀው። እኔን አየኝ። እንደገና ነቀነቀው።

«ጠዋት ምሳ አለበት፣ ዝም ይላል» አልኩት። «ማታ ባዶ ነው።»

«ኧረ ይሄ ሌላ ድምፅ ነው!» አሉ ጋሽ ግርማ ተነስተው።

ማን አፋቸውን ቢያዘጋ ጥሩ ነው? የገዛ ሚስታቸው፣ እትዬ አልማዝ!

«የምን ሌላ ድምፅ! ከሥራ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ በሱ አይደል እንዴ የማውቅህ? ቃጭልህን ስሰማ ነው ተነስቼ እራት የማሞቀው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ገዢ የተባለው የእትዬ አልማዝ ወንድም ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ባሌ ቀስ ብሎ መጥቶ «ይቅርታ፣ አትሸጥም» አለኝ። ጋሽ ግርማ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ጃኬታቸውን ሲፈልጉ ሊያሳዝኑኝ ይገባ ነበር... አላሳዘኑኝም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ዛሬ ጠዋት መጡ። ማንኪያዋን በናፕኪን ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተዋታል። «እንደምን አደሩ ጋሼ» አልኳቸው በትህትና። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አውርጃቸው ስልኬን ሳይ የበርኳ ዘመዳችን ቴክስት አድርጋልኛለች። «ቃጭሌ እንዴት አደሩ?»

ልብ በሉ... «አደረች» አይደለም፣ «አደሩ» ነው!

ለድመት ቃጭል ማን ይሰር ይባላል አይደል?... እኔ አስሬለታለሁ።