ዘንገና ላይ የተቀመጠው መርከብ

መርከቡን ያሠራኝ የገዛ አፌ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ለመዝናናት ያህል ነው" እላለሁ እንጂ፣ ከጧት እስከ ማታ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ የሚውል ሰው መዝናኛ ከየት ያመጣል። ሱቄ እንጅባራ መውጫ ላይ፣ መንገድ ዳር ነው። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የሕፃን አልጋ እሠራለሁ። እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አፌም እንደዚያው።

ያገባሁት የመርከበኛ ልጅ ነው። አማቴ ዛሬ ከከተማው ወጣ ብለው ድንችና ቀርከሃ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ከተማውንም እንደ ድሮው ቆሰበር ነው የሚሉት። በወጣትነታቸው ግን ምጽዋ ወርደው በአንድ ትልቅ የጦር መርከብ ላይ ዓመታት አገልግለዋል። ሰንበቴ ላይ ጠላ ሲቀዳ ወሬያቸው እሱ ነበር። መርከቡ ዘጠና አምስት ሜትር እንደሚረዝም፣ መድፉ ሲተኮስ የሰው ጥርስ እንደሚንገጫገጭ፣ ሁሉንም በቃላችን ይዘነዋል። ከመካከላችን ባሕር ያየ አልነበረምና ግማሹን እያመንን ግማሹን እንስቅበት ነበር።

አንድ እሑድ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ዳቦ ቤት እንደነበረ ማውራት ጀመሩ። ማዕበሉ እያንገላታቸው ትኩስ ዳቦ ይበሉ እንደነበር ነገሩን። እኔ አላስችል አለኝ። ከከተማችን ብዙም የማይርቀው፣ በጫካ የተከበበው ክቡ ሐይቃችን ዘንገና ትዝ አለኝ።

"አባባ፣ እንዲህ ያለ መርከብ ዘንገና ላይ ቢቀመጥ ውሃው ወዴት ይሄዳል?" አልኳቸው።

"ወደ አዘና ይፈሳላ" አለ አንዱ የሰንበቴ ጓደኛዬ ከጥግ፣ የጎረቤታችንን ከተማ ጠርቶ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠላ በአፍንጫው የወጣበትም ነበር። በቀልዴ ኮርቼ ቀና ስል አማቴ ጣሳቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ሰንበቴ መምጣት ተዉ። ተራቸው ሲደርስ ዳቦውንና ጠላውን በሰው ይልካሉ፤ ራሳቸው ግን የሉም። የባሕሩን ወሬ ለማንም አያነሱም። እኔ ስሄድ ጉልበታቸውን ስስም አይከለክሉኝም፣ "ደህና ዋልክ" ይሉኛል፤ ከዚያ ዝም። ሽማግሌ ብልክ "ምን በደለኝና?" ብለው መለሷቸው። አልበደለኝም ያለን ሰው እንዴት አድርገህ ትታረቀዋለህ? ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ባለቤቴ አንድ ቀን እንጀራውን አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና "የአባቴን አፍ የዘጋኸው አንተ ነህ፤ አንተው ክፈተው" አለችኝ። ያን ቀን ምሳዬን አልጨረስኩም።

በአፌ ያፈረስኩትን በእጄ ልጠግነው ብዬ ተነሳሁ። ኔትዎርክ ባለበት ሰዓት የመርከቡን ዓይነት ፎቶ በስልኬ እየፈለግኩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ። ርዝመቱን ከእሳቸው አፍ ስለማውቀው አልተቸገርኩም። አንዱን ሜትር አንድ ሳንቲም አደረግኩት፤ ዘጠና አምስት ሳንቲም መርከብ ማለት ነው። ቀርከሃውን እንደ ክር አቅጥኜ ሰንጥቄ፣ በእንፋሎት አጉብጬ፣ በኮላ አጣበቅኩት። የመድፉን አፈሙዝ ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ቆረጥኩ። የመርከቡን አጥር ከተቃጠለ የባጃጅ ሞተር በፈታሁት ቀጭን ሽቦ አጠርኩ። በመርከቡ ላይ የሚቆም ሰው ቢኖር ቁመቱ ከክብሪት እንጨት ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ መሰላሉንም በዚያው ልክ ሠራሁለት። ባጃጅ ነጂዎቹ በሱቄ ደጅ ባለፉ ቁጥር "ካፒቴን፣ ጉዞው መቼ ነው?" እያሉ ይስቁብኛል። በሰው ፊት መሳቂያ መሆን እንዴት እንደሚያንገበግብ ያኔ ገባኝ፤ የእሳቸው ደግሞ ይብሳል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ መሳቂያ ያደረጋቸውም የገዛ አማቻቸው ነው።

ጥር ላይ ቀለም ብቻ ቀረው። አንድ ጧት ሱቄን ስከፍት ከመርከቡ ሥር ነጭ ዱቄት ተበትኖ አየሁ። መጀመሪያ አላመንኩም። ጎኑን በጣቴ መታ መታ ባደርገው ዱቄቱ ተንዶ ወረደ። ነቅዟል። ክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ሆዱ ጣፋጭ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል፤ ይህን ለደንበኛ በቀን ሦስት ጊዜ የማስተምር ሰው ነኝ። ጥድፊያዬ በልጦብኝ ነሐሴ ላይ የቆረጥኩትን ቀርከሃ ለመርከቡ አውዬው ኖሯል። አጠገቤ የነበረውን በርጩማ በእርግጫ ብለው ጣቴን አቆሰልኩ እንጂ ምንም አላተረፍኩም። ባለቤቴ መጥታ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ተመለሰች። ሦስት ቀን ሱቄን አልከፈትኩም።

በአራተኛው ቀን ስመጣ የሱቄ በር ላይ አምስት ቀርከሃ ተደግፎ ቆሟል። አነሳሁት፤ ከባድ ነው። ቆዳው በጭስ ጠቁሯል። በበጋ ተቆርጦ፣ ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ብዙ ወራት የቆየ፣ ነቀዝ ጥርሱን የሚሰብርበት ቀርከሃ ነው። እንዲህ ያለ ቀርከሃ ማን ጓሮ እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴን "አባትሽ ላኩት?" ብላት "እኔ ምን አውቄ" አለችና ፊቷን አዞረች፤ ስትስቅ ግን ትከሻዋን አየሁት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያኔውኑ መጋዜን አነሳሁ።

ሁለተኛው መርከብ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ወጣ። የምሠራውን አውቄዋለሁ። የላዩን ወለል እንደ ሙዳይ ክዳን የሚነሳ አድርጌ፣ ከሥሩ ዳቦ ቤት ሠራሁ፤ ከጭቃ የተሠራች ምድጃ፣ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ዳቦዎች። እንዲያው ዳቦ ቤቱን ማመኔን እንዲያውቁልኝ ነው።

ለዳግማይ ትንሣኤ ባለቤቴ አባቷን ምሳ ጠራች። መጡ። መርከቡ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ዞሩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ጎንበስ ብለው አጥሩን በጥፍራቸው ነኩ። ክዳኑን አነሱት። ዳቦዎቹን ቀረብ ብለው አዩ። እኔ እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ከግድግዳው ተጣብቄያለሁ።

"ዳቦ ቤቱ እዚህ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። "ወደ ኋላ ነው። ከጭስ ማውጫው ሥር።"

ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ከሰላምታ ያለፈ የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። እዚያው ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ እሳቸው ግን ጊዜ አልሰጡኝም። ጭስ ማውጫው ቀጥ ማለቱ ስህተት ነው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይጋደማል። መልሕቁ አንሷል። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ስህተቴን ቆጠሩልኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ገበያ ሲወጡ ሱቄ ገብተው ወንበር ስበው ያዝዙኛል። ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ በአገውኛ ነው የሚቆጡት፣ እኔም ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ አስተካክላለሁ። እንደዚያ ተቆጥተውኝ እንደዚያ የምደሰት ሰው አልነበርኩም።

"ውሃ ካልነካ ወንበር ነው" ብለው ዘንገና እንዲወርድ የወሰኑት እሳቸው ናቸው። የሰንበቴው ሰው ሁሉ እንዲጠራም አዘዙ። እኔ ፈራሁ። ቢገለበጥ ዳግመኛ ይሳቅባቸዋል፤ ሁለተኛውን ሳቅ ደግሞ የሚጠግን ቀርከሃ የለም። አስቀድመን በገንዳ እንሞክረው ብል "እኔ እያለሁ ምን ሙከራ ያስፈልጋል?" አሉኝ። መርከቡን በእጃቸው መዘኑት።

"ሆዱ ቀሏል። ብሎን ጨምርበት።"

"አባባ፣ ይሰጥማል።"

"ከእኔና ከአንተ መርከበኛው ማነው?"

ብሎኑን ጨመርኩ።

ግንቦት ውስጥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። መርከቡን በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዤው ሳለ አንዲት እናት "ምነው፣ ታሞብህ ነው?" ብለው አዘኑልኝ። በጫካው ቁልቁለት ዛፍ እየያዝን ወረድን። የሰንበቴው ሰው ዳር ዳሩን ቆመ። ያ "ወደ አዘና ይፈሳላ" ያለው ጓደኛዬም አለ። በመርከቡ አፍንጫ ሲባጎ አሰርኩና ውሃው ላይ ለቀቅኩት።

ትንሽ ሄደ። ከወዲያ ማዶ ነፋስ መጣና ወደ ጎኑ አጋደለው፤ አንደኛው አጥሩ ውሃ ነካ። ከኋላዬ አንድ ሰው "አለቀለት" ሲል ሰማሁ። ሲባጎውን ልስብ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ።

"ተወው" አሉ። "ይመለሳል።"

ቀስ እያለ ቀና አለ። ወደዚያኛው ጎን ጥቂት ተወዛወዘና ቀጥ ብሎ ቆመ። መድፉ ወደ ፊት፣ ጭስ ማውጫው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጥላው ውሃው ላይ። ባለቤቴ እልል አለች። ሴቶቹ ተከተሏት፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ጓደኛዬ እስከ ውሃው ዳር ወርዶ ኮፍያውን አወለቀና "አባባ፣ ዳቦ ቤቱ በየት በኩል ነበር ያሉን?" ብሎ ጠየቀ።

አማቴ በዱላቸው እያመለከቱ አስረዱት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ" አሉ ሁሉም እንዲሰማ። "መርከቡ ይኸው ዘንገና ላይ ተቀመጠ። ውሃው ወዴት ሄደ?"

"የትም አልሄደም አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

ጫካው በሳቅ ተናወጠ፤ የሚሳቅበትም እኔ ነኝ። እሳቸውም ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ መጡና የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። መርከቡን መካከል አስቀምጠነው ከመድፉ ጀመሩ። ማንም ሌላ ወሬ ማስገባት አልቻለም። ዳቦው ጋ ሲደርሱ ጣሳቸውን አንስተው አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ወደ እኔ ተመለከቱ።

"ዳቦ ቤቱ የት እንደነበረ አንተ ንገራቸው" አሉ።

ተነስቼ ክዳኑን ከፈትኩና ነገርኳቸው።