የሃምሳ አለቃው ሰላምታ

ትናንት መስቀል አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት መኮንን አጠገቤ ቆመች። ከተወለወለው ጫማዋ የቀለም ሽታ ሲመጣ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የድሮው ጦር ሲበተን ያለ ሥራ ቀሩ። ሬዲዮው አዲሱ ሠራዊት በትምህርትና በሥልጠና እየታነጸ ነው ሲል፣ «እኛስ ምን ነበርን?» ብለው ይዘጉት ነበር። አክስቴ እዚያው ሠራዊት መኮንን ልትሆን ስትገባም አኩርፈዋት ከረሙ።

ተመርቃ ስትመጣ ካዛንቺስ ቤታችን በር ላይ ቆማ መግባት ፈራች። አያቴ የኮታቸውን ቁልፍ ቆላልፈው ወጡ። ትከሻዋ ላይ ያለውን ማዕረግ ትኩር ብለው አዩት፤ ከእሳቸው ይበልጣል። ተረከዛቸውን አጋጭተው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧት።

«ኧረ አባዬ፣ በሞቴ ይተዉ!»

«መቶ አለቃ፣ እጄ ዛለ እኮ! መልሺልኝ እንጂ።»

ቀጥ ብላ ቆማ መለሰችላቸው። ያኔ እጃቸውን አወረዱና፣ «በይ አሁን ግቢ፤ ከበሩ ወዲህ ልጄ ነሽ» አሏት።

ከምሳ በኋላ ሬዲዮው ስለ ሠራዊቱ ሲጀምር ግን እንደ ልማዳቸው ዘጉት። አክስቴ ሻያቸውን ቀዳችላቸው።

ያ በር ዛሬ ፈርሷል፤ አያቴም የሉም። የመኮንኗ ታክሲ ሲነሳ ግን እኔም ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር።