ጌጥ ያልሆነው መረገጫ

ታላቅ ወንድሜን እስከ ዛሬ «ወንድም ጋሼ» ነው የምለው። ከልጅነቴ አፌ ላይ የቀረ ነገር ነው እንጂ ክብሩስ ካለቀ ቆይቷል። እሱ ከደብረ ብርሃን አንኮበር መንገድ ላይ እስካለችው ጎረቤላ ሚኒባስ ይነዳል፤ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ሱቅ ይዤ ልብስ እሰፋለሁ። አባታችን ከጎረቤላ ወረድ ብላ ባለች ደብር ብዙ ዘመን የቀደሱ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን በቁመት ስለጨረሱት አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ለሕክምና ወደ እኔ ሲመጡም ሲመለሱም የሚሳፈሩት በልጃቸው መኪና ነው።

ሚኒባሷ እንደ ሰው መኪና በነበረችበት ጊዜ ችግር አልነበረም። አንድ ክረምት ግን ወንድም ጋሼ ጋራዥ አስገባትና ከሥሯ የሚሸከማትን ባሌስትራ አስደርቦ፣ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞ፣ አናቷን ሰማይ ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው ይዟት መጣ። ለጠየቀው ሁሉ «የአንኮበር መንገድ ሆዷን እየፋቀብኝ ነዋ!» ይላል። መንገዱ መጥፎ ነው፤ በዚህ አልዋሸም። ግን በዚያው መንገድ ሌሎቹ ሹፌሮች ዝቅ ባለ መኪና ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። እውነቱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጎብኚ የሚያጓጉዝ ከፍ ያለ መኪና አይቶ ቀንቷል። መኪናዋ ከፍ ስትል እሱም አብሮ ከፍ አለና መናኸሪያ ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠው በአገጩ ሆነ።

ተሳፋሪውስ? የሚኒባሷ ወለል ከጉልበት አልፎ ጭን ጋ ደርሷል። ገብስና ባቄላ ሸጠው የሚመለሱ እናቶች መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው፣ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጅ ይዘው፣ ከኋላ እየተገፉ ይገባሉ። ወንድም ጋሼ መሪው ላይ ተቀምጦ በመስታወት እያያቸው «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል። የአንዲት እናት ነጠላ በሩ ላይ ተይዞ ሲቀደድ አይቼ፣

«የሚረግጡበት ነገር አድርግላቸው» አልኩት።

«ዕድሜ ልካቸውን ገደል ሲወጡ ኖረው ይህቺ ታቅታቸዋለች?» አለኝና በራሱ ቀልድ ሳቀ። በራሱ ቀልድ ለመሳቅ ማንንም አይጠብቅም።

የአባባን ቀን ግን አልረሳውም። ሐኪም አይቷቸው ወደ አገር የሚመለሱበት ጠዋት ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ሱቄ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሚኒባሷ መጥታ ቆመች። አንድ እግራቸውን አነሱ፤ አልደረሰላቸውም። ሌላውን ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ። ወንድም ጋሼ ወረደና አንድ ተሳፋሪ ጠርቶ፣ ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘው እንደ እህል ጆንያ አንጠልጥለው አስገቧቸው። ጥምጣማቸው ወልቆ ጭቃ ላይ ወደቀ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የአባባን መስቀል የተሳለሙ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። አባባ «ቀስ፣ ልጄ፣ ቀስ» ብቻ ነበር የሚሉት። እሱ ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ «አባባ፣ ከብደዋል እኮ! ከተማው ተስማምቶዎታል!» አለ።

ጥምጣሙን አንስቼ አራግፌ ሰጠኋቸውና ወደ እሱ ዞርኩ። «አባትህን ጆንያ አደረግካቸው» አልኩት።

«እሺ፣ መረገጫ እገዛለሁ፤ ሰው ፊት አትጩሂብኝ» አለ። ያሳፈረው የእኔ ጩኸት ነው።

ገዛም። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ መርጦ ያመጣው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ክንድ የሚያህል ድቡልቡል የኒኬል ቱቦ ነው። ከሥሩ መብራት አለው። አስገጥሞ ሲጨርስ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጠራኝ።

«እያት! ሲመሽ ሰማያዊ ታበራለች።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቱቦው የተሰቀለው ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው። መኪናዋ ሰማይ ላይ፣ መረገጫውም አብሯት ሰማይ ላይ።

«እዚህ ላይ ለመውጣት እኮ ሌላ መረገጫ ያስፈልጋል» አልኩት።

«ፋሽኑ ይሄ ነው። አንቺ ቀሚስሽን ስፊ።»

ዝናብ በጣለ በመጀመሪያው ቀን ሱቄ በር ላይ አንዲት ሴት ጭቃ በያዘ ጫማ ረገጠችው፤ እግሯ ሙልጭ አለና ቅልጥሟ ከታች እስከ ላይ ተላጠ። ወንድም ጋሼ ከመሪው ዘሎ ወረደ። ሊያነሳት መስሎኝ ነበር። መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ ኒኬሉ ተጭሮ እንደሆነ እየጠረገ አየ። ሴትየዋን ያነሳናት እኔና ሌሎች ተሳፋሪዎች ነን። ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ሰው መምከር ትቻለሁ።

አባባ በሌላ ጊዜ ሲመጡ ሱቅ ውስጥ አስቆምኳቸውና የልብስ መለኪያ ሜትሬን ይዤ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«ምን ልትሰፊልኝ ነው?» አሉኝ።

«ደረጃ» አልኳቸው። ሳቁ።

የታጠፈ ጨርቅ እየደራረብኩ፣ ሳያማቸው እግራቸውን እስከ የት እንደሚያነሱ አየሁ። ከቁርጭምጭሚታቸው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ሲያልፍ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። አንድ መረገጫ እንደማይበቃ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልኩን ይዤ በያጅ ዘንድ ሄድኩና ሁለት እርከን ያለው የብረት መረገጫ አሠራሁ። እግር ሙሉውን የሚያሳርፍ ሰፊ ነው፤ ጭቃው ወደ ታች እንዲወድቅ ወለሉ ወንፊት ነው፤ የታችኛው እርከን መኪናዋ ስትሄድ ድንጋይ እንዳይመታው ወደ ላይ ይታጠፋል። በሩ ውስጥ ደግሞ የእጅ መያዣ አስበየድኩ። ጥቁር ቀለም ተቀባ። አያምርም፤ እንዲያምርም አላሠራሁትም።

ወንድም ጋሼ ሲያየው ራሱን ያዘ። «መኪናዬ ላይ የዶሮ ቆጥ አንጠለጠልሽባት!»

አባባ አጠገቡ ቆመው ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም፤ ኒኬሉ ወርዶ ብረቱ በቡሎን ታሰረ። አባባ መያዣውን ጨበጡ፣ አንዱን እርከን ረገጡ፣ ሁለተኛውን ረገጡ፣ ገቡ። ማንም አልነካቸውም። ተቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱና ጥምጣማቸውን በገዛ እጃቸው አስተካከሉ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሚኒባሷ ለሠርግ ተከራየች። ወንድም ጋሼ «ሙሽራ በቆጥ አትወጣም» ብሎ ብረቱን ፈታና ኒኬሉን መለሰ። «ለአንድ ቀን ነው» አለ። ሠርጉ አለፈ፣ መልሱም አለፈ፤ ብረቱ ጋራዥ ውስጥ እንደተጣለ ቀረ። የአባባ የሕክምና ቀን ሲደርስ የመጡት በጭነት መኪና ነው። የማያውቃቸው ሹፌር ከጋቢናው ወርዶ፣ እጃቸውን ይዞ፣ ደረጃውን ቀስ እያደረገ አወረዳቸው።

«ልጅዎ የት ሄዶ ነው?» አልኳቸው።

«ሥራ በዝቶበት ነው» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

ቄስ ናቸው፤ ውሸት አይወዱም። ለእሱ ሲሉ ዋሹ።

ብረቱን ያስመለሰው አባትነት እንዳይመስላችሁ። አንድ የገበያ ቀን የሰፋሁትን ልብስ ላደርስ ጎረቤላ ሄጄ ነበር። ለመመለስ መናኸሪያ ስደርስ ተራው የወንድም ጋሼ ነው። የገብስ ጆንያ ያሸከሙ አንዲት እናት በሩ ጋ መጥተው አዩና፣

«ደረጃዋስ?» አሉት።

«ተበላሽታ ነው፤ ይግቡ፣ ይግቡ።»

«እንግዲያውስ ስትሠራ እንገባለን፣ ልጄ» አሉና ከኋላ ወደቆመችው ሚኒባስ አለፉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወንድም ጋሼ ባዶ ወንበሮቹን ይዞ ፀሐይ ላይ ቀረ። በሚቀጥለው የገበያ ቀንም እንዲሁ ሆነ። በሳምንቱ ብረቱ ቦታው ላይ ነበር። የአባቱ ጉልበት ያላስተማረውን ባዶ ወንበር አስተማረው።

አሁን ሌሎች ሹፌሮች እንዲህ ያለ መረገጫ የት እንዳሠራ ሲጠይቁት «እኔ ነኝ ያሰብኩት፤ ለእናቶች ብዬ» ይላል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «የዶሮ ቆጥ» ብሎ የሰደበው ያው ሰው ነው።

በቅርቡ አባባን ልሸኝ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ቀስ ብለው ወጡ፣ ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡና ወደ ሹፌሩ ዘርግተው መረቁት። «እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልህ። ለሰው የምታስብ ልጅ ነህና ዘርህን ይባርክልህ።» ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ወንድም ጋሼ በመስታወት አየኝ። እኔም «አሜን» አልኩ፤ ለአባባ ስል።

በሩን ከመዝጋቴ በፊት የታችኛውን እርከን ሳጥፍ፣ «ቀስ ብለሽ እጠፊው» አለኝ፤ «ቀለሙ ይላጣል።»