አገሯ ያልታወቀ ሩፒ

የሰፈራችን የሽመና መኪና ጠጋኝ ላታፋት በዓለም ላይ ያለ መልካም ነገር ሁሉ ከህንዷ ከተማችን ከቡርሃንፑር የወጣ ይመስለዋል። ሚስቱ ሱግራ ደግሞ የኤሊችፑር ልጅ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ "የእናንተ አገር እኮ አቧራና ብርቱካን ብቻ ነው" እያለ ሲያበሽቃት ኖሯል።

ጡረታ ሲወጣ የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ያዘ። አንድ ቀን ከአንድ ብር ሠሪ እጅ ድሮ ህንድን ይገዙ የነበሩት የሙጋል ነገሥታት ዘመን የብር ሩፒ አገኘ። የንጉሡ ስም ይነበባል። ችግሩ ጽሑፉ የሚመታበት ማኅተም ከብሩ ይሰፋ ስለነበር፣ የተመታችበት ከተማ ስም መጀመሪያው ሳያርፍባት ቀርቷል። ያረፈው "ፑር" ብቻ ነው።

"ቡርሃንፑር!" አለ ወዲያው።

ሻይ ሻጩ ዳስትጊር ሳቀበት። "ወንድሜ፣ ከአገሩ ከተማ ስንቱ በፑር ያልቃል! የአክስቴ መንደር እንኳ መጨረሻው ፑር ነው። እሷ መትታት ይሆናል!"

በርግጥ በሩፒዋ ላይ የተቀረጸችው ትንሽ አበባ ከሌሎቹ የቡርሃንፑር ሩፒዎች አበባ ጋር አትመሳሰልም። ላታፋት ግን "ማኅተም ቀራጩን ያን ቀን አሞት ነው" ብሎ ድርቅ አለ።

በኋላ ባልና ሚስቱ ለሠርግ ኤሊችፑር ሄዱ። ላታፋት ከምግቡ ቀና ሲል ዓይኑ በሱግራ ታላቅ እህት የአንገት ጌጥ ላይ ተተከለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ታፈጣለህ?"

"ብሩን ነው እትዬ! በአላህ፣ ብሩን ነው!"

ከጌጡ ላይ የተንጠለጠለችው ሩፒ ያችው አበባ አለቻት፤ ልክ በእሱ ሩፒ ላይ እንዳለችው አንደኛው ቅጠሏ የተሸረፈ፣ በመሃሏ ቀጭን ስንጥቅ የሚያልፍ። ሁለቱ የተመቱበት ማኅተም አንድ ነው። እዚህኛዋ ላይ ግን ሳያርፍ የቀረው "ፑር" ሲሆን የሚነበበው "ኤሊች" ነበር።

የላታፋትም ሩፒ የኤሊችፑር ናት ማለት ነው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። አንድ ጉርሻ ሩዝ ጎረሰ።

"ሱግራ፣ ነይ እስቲ" አለ በመጨረሻ፤ የራሱን ሩፒ ከኪሱ አውጥቶ ከጌጡ ጎን ያዘላት።

ሱግራ ሁለቱን አይታ ባሏን ቀና ብላ አየችው። "ታዲያ ከአቧራ ነው የሠሯት?"

ናግፑር ከተማ ያለ አንድ የድሮ ገንዘብ አዋቂ ሁለቱንም አገላብጦ፣ የዚያን ንጉሥ ሩፒ ከኤሊችፑር ተመትቶ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገራቸው። ላታፋት በደስታ እንባው መጣ።

ወሬውን ለሻይ ቤቱ ያወራው ራሱ ነው።

"ተሸነፍክ በለኛ!" አለው ዳስትጊር።

"ምን ተሸነፍኩ? አገሯን አገኘሁላት እኮ!"

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ያን ጠዋት ሱግራ ለመጀመሪያ ጊዜ "እስቲ ሌሎቹንም ገንዘቦችህን አሳየኝ" ብላው ነበር።